ከነምራቂው የገዛሁት ማዘርቦርድ

ልጄ ተመርቃ በምሥራቅ ቆላ ካለ ሆስፒታል የላብራቶሪ ሥራ ከያዘች ወዲህ ስልካችን አጠረ። መደወሉን አልተወችም፤ እንዲያውም ቀኗን አታሳልፍም። ግን ደህና ነሽ እማ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ ደህና ነኝ፣ አባባስ፣ ደህና ነው፣ በይ እሺ ተባብለን እንዘጋለን። ከባንክ የሚመጣልኝ መልእክት እንኳ ከዚህ ይረዝማል፤ እሱ ቢያንስ መጨረሻው ላይ ያመሰግነኛል። ልጅ ሲርቅ ናፍቆቱ አያልቅም፤ ወሬው ግን ያልቃል።

አንድ ቀን ታዲያ ደውላ «ዱባዬን ጎርፍ ወሰደብኝ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ሆስፒታሉ መሬት ሰጥቷችኋል እንዴ ብዬ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። ለካስ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በኮምፒውተር የሚጫወቱት የእርሻ ጌም ኖሯል። እያንዳንዱ ከየቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ወደ አንድ ማሳ ይገባል። ያርሳል፣ ይዘራል፣ ፍየል ያረባል፣ በድንበር ይጨቃጨቃል። የዱባውን ታሪክ ከዘሩ እስከ ጎርፉ ነገረችኝ። ስለ ፍየሎቹ ጠባይ አንድ በአንድ አወራችኝ። ስልኬ ጆሮዬ ላይ ጋለ። ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወሬ የምትጀምረው ያቺ ልጄ በዚያ ድምፅ ውስጥ ነበረች። እኔ ደግሞ ሩቅ አገር የቀረች መስሎኝ ነበር።

«አንቺም ብትገቢ እኮ አብረን እናርስ ነበር፣ ሀርሜ ኮ» አለችኝ። የሆነ ነገር ስትፈልግ በአባቷ ቋንቋ እናቴ የምትለኝ እንደዚህ ነው። «አዲሱ ወቅት በሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሑድ ይጀመራል። አንድ ሰው ጎድሎናል፤ ቦታውን እይዝልሻለሁ። ካልመጣሽ ግን ፋርማሲስቱ ይገባበታል።»

አባቴ ከወሎ መጥቶ ጫካ መንጥሮ ያረሰ ገበሬ ነው። እኔ ከእርሻ ለማምለጥ ስል በሰው የጽሕፈት መኪና፣ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እየጠበቅሁ፣ ታይፕ ራሴን አስተማርኩ። ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ተሻገርኩ፤ ዛሬ በሲሬ መናኸሪያ አጠገብ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የወረዳው ግማሽ ቅሬታ በጣቶቼ አልፏል። እንዲህ አድርጌ የሸሸሁትን ማሳ ልጄ በኮምፒውተር በኩል ዞራ አመጣችልኝ። ብቻ ያን ቀን፣ ዱባ በሉት ሌላ፣ ወደዚያ ማሳ መግባት አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ፋርማሲስቱ ሌላ መሬት ይፈልግ።

የሱቄ ኮምፒውተር ከማመልከቻ ሌላ ሙያ የለውም። ጌሙን ልክፈትብህ ስለው እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ዝም አለ። ልጄ ይህን ስነግራት ኮምፒውተሩን ካሻሻለ ባልደረባዋ ላይ ፕሮሰሰርና ራም ገዝታ፣ በካልሲ ጠቅልላ፣ በመንገደኛ ላከችልኝ። ፕሮሰሰሩ ምስሉን ራሱ የሚያወጣ ዓይነት ስለሆነ ውድ የሆነው ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግሽም አለችኝ። የቀረኝ ይህን ፕሮሰሰር የሚቀበል ማዘርቦርድ ብቻ ነበር። ርካሹን፣ እማ፣ ርካሹን ግዢ ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ።

እኔም እንደ ልማዴ ተቀምጬ ተማርኩ። ሱቄ ገበያው ሲቀዘቅዝ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ። የቪዲዮ አስተማሪዎቹ ሁሉ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ርካሽ ነው ይላሉ፣ ሁሉም የሚያሳዩት ዕቃ ዋጋው የኛን ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ያለብሳል። ቢሆንም ነገሩ ገባኝ። ማዘርቦርድ ማለት ግቢው ነው። ፕሮሰሰሩም ራሙም ሌላውም ሁሉ ተከራይ ነው፤ በግቢው ውስጥ ቦታ ከሌለው ደጅ ያድራል። ለሻጩ የማቀርባቸውን ሦስት ጥያቄዎች በቃሌ ያዝኩ። የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ከኔ ጋር ይገጥማል ወይ? ራሜን ይቀበላል ወይ? ከኋላው የስክሪን ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው ወይ? ሦስተኛው በተለይ ለኔ ብጤ፣ ካርድ ለሌለው ድኻ ነው። ሱቄን ስጠርግ እንኳ እንደ ጸሎት እለው ነበር።

ምክር ግን በእኛ አገር ሳይጠየቅ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ በማያውቀው ነገር ላይ ምክር መስጠት ደግሞ ሁለተኛ ሙያው ነው። ማዘርቦርድና በሬ አንድ ናቸው አለኝ፤ ደረቱ ሰፊ የሆነውን ምረጪ፣ ቀጭኑ በክረምት ይወድቅብሻል። ወደ ነቀምቴ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ረዳቱ ምን ልትገዢ ነው ብሎ ጠየቀኝና መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የኔ መሆኑ ቀረ። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ጀርመን የሠራው ይሻላል አሉ፤ ምኑን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ከኋላ ያለችው ሴት የአጎቷ ልጅ አንዱን ገዝቶ በሳምንቱ እንደተቃጠለበት ነገረችን፤ ነገሩ ሲጣራ የተቃጠለው የውሃ ፓምፕ ነው። አንድ አስተማሪ ነኝ ያለ ሰው ደግሞ ትልቁን ካልገዛሽ በኋላ ታዝኛለሽ ብሎ ደመደመ። ነቀምቴ ስንደርስ ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ትልቁን መርጦ ነበር።

ሱቁ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች የሚሸጡበት ነው። ባለሱቁ በኔ ዕድሜ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሰው ነው። አካም ጅርታ ተባብለን፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሲሬ ዝናብና ስለ መንገዱ ተጠያይቀን ጨረስንና ወደ ነገራችን ገባን። ሁለት ማዘርቦርድ አወጣልኝ። አንዱ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ሳጥን እንኳ የሌለው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነው። ሌላው ጥቁርና ሰፊ፣ እንደ ጋሻ የሚያብረቀርቅ ብረት የለበሰ፣ ሳጥኑ ላይ ከአፉ እሳት የሚተፋ አውሬ ያለበት ነው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ይህ ሁሉ ጌጥ ያለው ዕቃ ለምን ረከሰ ብሎ መጠየቅ የጤነኛ ሰው ሥራ ነበር። እኔ ግን የባለቤቴ ሰፊ ደረት ትዝ አለኝ።

ሁለቱን ጥያቄዎች በሚገባ ጠየቅሁ። መቀመጫው? ለሁለቱም ይገጥማል። ራሙ? ሁለቱም ይቀበላሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበረ። በዚህ መሐል ነው ምራቂ የመጣው።

ገበያ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ድንች ስትገዢ ከሚዛኑ በላይ ፍሬ ካልተጨመረልሽ ግብይቱ አልተፈጸመም። ያ ጭማሪ ምራቂ ነው። ምራቂ የማትጠይቅ ሴት ወይ ናጥጣለች ወይ ታማለች። ሳይመርቅ የሚሸኝ ነጋዴም ስሙ ከአርጆ እስከ ሲሬ ይጠፋል። ስለዚህ እጄን ጥቁሩ ሳጥን ላይ አድርጌ «በል እንግዲህ መርቅልኝ፣ ኦቦሌሳ» አልኩት፤ ወንድሜ ማለቴ ነው። በቡናማው ላይ ምራቂ የለም፣ ትርፉ ለፌስታል አይበቃም ብሎ አስቀድሞ አስታውቆኛል። በጥቁሩ ላይ ማውዝ ጨመረልኝ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታ ከድንች ጀምሮ የተማርኩት ጥበብ ነው። በሰባት ዓይነት ቀለም የሚበራ ፋን ጨመረ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ፤ ልሄድ ነው ማለት ነው። አንገቱን እየነቀነቀ ትንሽ ስፒከር ከመደርደሪያ አወረደ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ተደራድሬ አላውቅም። ሦስተኛው ጥያቄዬ የት እንደገባ አላየሁትም።

ሲሬ ስደርስ ምራቂው እግር አወጣ። ይህም ልማድ ነው፤ በነጻ የመጣ ነገር ቤት ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም። ፋኑን የጎረቤቴ ፀጉር ቆራጭ አይቶ እንዲህ ያለ ነገርማ የወንዶች ፀጉር ቤት ጌጥ ነው አለና በሞተር ሳይክል ባትሪ አስነሥቶ ከመስታወቱ በላይ ሰቀለው። ስፒከሩን ባለቤቴ ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ወሰደ፤ የድሮው ስፒከራቸው በቀጭን ድምፅ የምትዘምረውን ሴት በወፍራም የወንድ ድምፅ ያሰማት ነበር። ማውዙ ለኔ ቀረ።

በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ መገጣጠም ጀመርኩ። ማዘርቦርዱ ለአሮጌው የኮምፒውተሬ ኬዝ ሰፋ። ችግር የለም ብለን ከባለቤቴ ጋር በገዛ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥነው። ፕሮሰሰሩን ከካልሲው አውጥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቦታው ላይ አሳረፍኩት። ራሙ ቀጭ ብሎ ገባ። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ አገናኘሁና አበራሁት። ማዘርቦርዱ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሐምራዊ ደመቀ። ባለቤቴ አጨበጨበ። እኔ የስክሪኑን ገመድ ይዤ ከኋላው ብዞር ቀዳዳ የለም። አገላበጥኩት። የማውዝ አለ፣ የድምፅ አለ፣ የኢንተርኔት አለ፣ ምን እንደሆነ የማላውቀው ሌላም አለ። የስክሪን የለም። ለካ ግራፊክስ ካርድ ለማይቸግራቸው ሰዎች የተሠራ ስለሆነ ስክሪኑ ካርዱ ላይ ይሰካል ተብሎ ታስቧል፤ ካርድ የሌለው ሰው ይኖራል ብሎ የጠረጠረ የለም። እንደዚያ ደምቆ ምንም ያላሳየኝ ነገር ከዚያ በፊት ያየሁት በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ላይ ብቻ ነው።

ለልጄ ደወልኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ ብትስቅ በወደድኩ። ምንም አይደል እማ፣ ለሚቀጥለው ወቅት ትገቢያለሽ አለችኝ። የሚቀጥለው ወቅት መቼ ነው ብላት ከመንፈቅ በኋላ ነው አለች። ለፋርማሲስቱ ልንገረው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

«እስከ እሑድ አትንገሪው።»

«እማ፣ እሑድ እኮ ከነገ ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በይ እሺ» አለችና ዘጋችው። ያ በይ እሺ እንደ ብርድ ገባብኝ።

ዕቃውን መልሶ መለወጥ ነበር ያለው። ነገር ግን ምራቂውን በልተሽ ዕቃውን ትመልሻለሽ? ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አላውቅሽም አለኝ፤ በምራቂ የተጨመረውን ድንች ቀቅሎ የበላ ሰው ኬሻውን ተሸክሞ አይመለስም። እውነቱን ነው። ስለዚህ ምራቂዬን ልሰበስብ ወጣሁ። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እንኳ ሳያቆም ደንበኞቹ የሚመጡት ፋኑን ሊያዩ እንደሆነ፣ ብወስድበት የሲሬ ወንዶች ፀጉር እንደሚያድግና ኃላፊነቱ የኔ እንደሚሆን አስታወቀኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የመዘምራኑ ኃላፊ ሽማግሌ በትዕግሥት ሰሙኝ። ስፒከሩ ተጸልዮበታል አሉኝ። ለምን እንደፈለግሁትም ጠየቁኝ፤ ወደ ጌም ለመግባት ነው ከማለት ለእርሻ ነው አልኳቸው። እርሻ የተባረከ ሥራ ነው አሉ፤ በእርሻዬ ላይ ረዘም ያለ ጸሎት አደረጉልኝ። ስፒከሩ ግን ከቦታው አልተነሣም።

ቅዳሜ ጥቁሩን ሳጥንና አንዲት ማውዝ ይዤ ወደ ነቀምቴ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ይቅርታዬን ሳዘጋጅ ነበር። ስለ ፀጉር ቤቱም ስለ መዘምራኑም የምናገረውን አሰናድቻለሁ፤ ማመልከቻ መጻፍ ሥራዬ ነውና መግቢያው ብቻ አንድ ገጽ ይወጣዋል። ሱቁ ገብቼ ሳጥኑን አስቀመጥኩ፣ ማውዙን አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ ሌላው ምራቂ እንኳ ብዬ ስጀምር ባለሱቁ ማውዙን በጣቱ ወደኔ ገፋው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምራቂ ሲመለስ የት አየሽ፣ ኦቦሌቲ? ሰው ሳያይ ቦርሳሽ ውስጥ አስገቢው» አለኝ። ኦቦሌቲ እህቴ ማለት ነው፤ ግን እንደዚያ ተቆጥቶ እህቴ ያለኝ ሰው የለም።

አስገባሁት። ያ ሁሉ መግቢያ ባከነ። ከዚያ የስክሪኑን ቀዳዳ ነገር ነገርኩት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ማዘርቦርዱን አዙሮ ኋላውን አየ።

«እሱማ የለውም። ይሄ ካርድ ላለው ሰው ነው።»

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ስፒከሩ ነው።»

ረታኝ። እሱም ድሉን ለመብላት አልቸኮለም፤ ደግ ሰው ነው። ቡናማው እዚያው ጋዜጣው ውስጥ ነበረ፤ ምራቂ ስለሌለው ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አወጣው። ከኋላው የስክሪን ቀዳዳ ነበረው፣ ያውም ሁለት ዓይነት። የዋጋውን ልዩነት የስክሪን ገመድ አደረግነው። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሬንና ራሜን ይዤ ሄጄ ስለነበር በርቶ፣ ስክሪን ላይ ጽሑፍ በዓይኔ ሳላይ ከዚህ አልወጣም ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲገጣጥም ለወንድ ልጅሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ከሚኒባሱ ጀምሮ ሰው ሁሉ ጠይቆኛል። በጌምና በአርባ አምስት ዓመት ሴት መካከል ሰዉ ሁሉ አንድ ወንድ ልጅ ያስገባል።

«ለኔ ነው» አልኩት። «ዱባ ልተክልበት ነው።»

ወደ ላይ አላየም። ራሙን እየሰካ «መስኖ ነው በዝናብ?» አለኝ። ስክሪኑ በራ። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ላይ ወረደ፤ አንዱም ስላልገባኝ በጣም ውብ ሆኖ ታየኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ምሳ ሳንበላ ወደ ሱቅ ሄድን። ቡናማው ማዘርቦርድ በአሮጌው ኬዝ ውስጥ እንደ ቤተኛ ገጠመ። መብራት የለውም፣ ጌጥ የለውም፤ ባለቤቴ በርቷል ወይስ አልበራም እያለ ሦስቴ ጠየቀኝ። የጆሮ ማዳመጫ አደረግሁ፣ የስልኬን ኢንተርኔት አገናኘሁ፣ ጌሙን ከፈትኩ። እንደ ወፍጮ አልጮኸም። አንድ ሜዳ ታየኝ፣ ወንዝ፣ አጥር። በሜዳው መካከል ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች፤ ማውዙን ሳንቀሳቅስ ተንቀሳቀሰች፤ እኔ ነኝ ማለት ነው። ቀጥ ብዬ ሄጄ ወንዝ ውስጥ ገባሁ።

«እማ! ውጪ! በቀኝ በኩል!» አለች ልጄ በጆሮ ማዳመጫው።

የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ሌላ ሴት ከአጥሩ ማዶ እየሮጠች መጣችና ፊቴ ቆማ ትዘል ጀመር። ሰላም ማለት በዚያ አገር መዝለል ነው መሰል። እኔም መዝለያውን ፈልጌ አገኘሁትና ሁለታችን እንደ እንቁራሪት ዘለልን። ከዚያ መሬቴን አሳየችኝ፤ ዳገት ላይ ነው። የገበሬ ልጅ አይደለሁም? ዳገት ላይ ወደ ታች አይታረስም፣ አግድም ነው፣ ባለፈው ጎርፍ የወሰደብሽም ለዚህ ነው አልኳት። ጌም እኮ ነው እማ አለችኝ። ጎርፉ ጌም መሆኑን ያውቃል ወይ አልኳት። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያ በያት ይለኛል። ጥቂት ተጨቃጨቅን፤ ከዚያ አግድም ማረስ ጀመርን፣ እኔ በፊት እሷ በኋላ።

ዓይኗ መሬቱ ላይ፣ እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ነው አፏ የተፈታው። በመጀመሪያ የፍየሎቹን ነገረችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ወደ እውነተኛው ቤቷ ተሻገረች። አከራይዋ የውሃውን ቧንቧ በቁልፍ ትዘጋባታለች። ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሣታል። መጀመሪያ የሄደች ሰሞን የምታለቅስበት ቦታ አጥታ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ታለቅስ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ ይቀዘቅዛል አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተሰበረም፤ ዘር እየጣለች ነበር። እኔም ምነው አልነገርሽኝም አላልኳትም። እሺ፣ ከዚያስ እያልኩ አጠገቧ አረስኩ።

ከአከራይዋ ጋር ስለገጠመችው ጥል ስትጀምርልኝ መብራት ሄደ። ማሳው፣ ወንዙ፣ ባርኔጣዋ፣ ሁሉም ጥቁር ሆነ። ባለቤቴ ስለ መብራት ኃይል የተለመደውን ተናገረ። እኔ እጄ ማውዙ ላይ እንዳለ ቀረሁ።

ስልኬ ጠራ።

«እና እንዳልኩሽ» አለች፣ ሰላምታ የለ፣ ደህና ነሽ የለ፣ «ቁልፉን ጡቷ ሥር ነው የምትደብቀው። እኔ ግን ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ?»

ወንበሬን ወደ በሩ፣ ብርሃኑ ወዳለበት አዞርኩና ምን አደረግሽ አልኳት።